ከደመራ እስከ ግሸን፦ ስለ ደሴ መስከረም ጥያቄና መልስ

ከመስከረም 16 እስከ 21 ደሴ እንግዳ ይበዛባታል። በአንደኛው ጫፍ ደመራ፣ በሌላው የግሸን ማርያም ንግሥ፣ በመሀል ደግሞ ገበያው፣ ዘፈኑ፣ ቡናው አለ። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ነው፤ በዚህ ሳምንት እንግዳ ያልተኛበት ፍራሽ በቤታችን አላስታውስም። የምትፈልጉትን ጠይቁኝ ብዬ የደረሱኝን እነሆ መልሻለሁ። አስቀድሜ ግን አቋሜን ልናገር፦ ሁሉንም በአንድ ጉዞ ለማየት የምታስቡ ከሆነ አልረዳችሁም፤ ምረጡ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ያለኝ አራት ቀን ብቻ ነው። ደመራንም ግሸንንም ማዳረስ እችላለሁ?

አይችሉም። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአውቶቡስ ሲመጡ አንድ ሙሉ ቀን፣ ሲመለሱም አንድ ሙሉ ቀን ይሄዳል። በአውሮፕላን ከሆነ ማረፊያው ኮምቦልቻ ነው፤ ከዚያ በሐረጎ ጠመዝማዛ ዳገት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደሴ ይወጣሉ። ለሳለሚ በ18 ገብቶ በ19 ወደ ግሸን ማቅናት ይሻላል። ከተማዋን ለሚፈልግ ደግሞ በ15 ማታ ገብቶ፣ ደመራን አይቶ፣ መስቀልን ከሰው ቤት ውሎ፣ በ18 መመለስ። ፒያሳ አካባቢ ያሉ ሆቴሎች በዚህ ሳምንት ቶሎ ይሞላሉ፤ ክፍል ሳይዙ አይምጡ። የመንገዱን ሁኔታም በመነሻዎ ዋዜማ ከመናኸሪያ ይጠይቁ፤ በዚህ ጊዜ ትናንት የተሰማ ወሬ ለዛሬ አይሆንም።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ እናቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። «ግሸንን ሳልሳለም አልሞትም» ይላሉ። ጉልበታቸው ደካማ ነው። ምን ትመክረኛለህ?

እንዲህ ያለ ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣልኛል፤ መልሴ ግን ብዙ ጊዜ አይወደድልኝም።

ግሸን በአምባሰል ወረዳ የምትገኝ፣ ቅርጿ መስቀል የሆነ አምባ ናት። በቤተ ክርስቲያኒቱ ትውፊት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ «መስቀሌን በመስቀል ላይ አስቀምጥ» የሚለውን ቃል ሰምተው ቦታ ሲፈልጉ ኖረው፣ ግማደ መስቀሉ ያረፈው እዚያ ነው። መስከረም 21 ቀን ከየአገሩ የሚጎርፈው ሕዝብም ለዚሁ ነው። ከደሴ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆንም በኪሎ ሜትሩ አይታለሉ። መንገዱ ተራራ ለተራራ ነው፤ በዋዜማው መኪናው ይሰለፋል፤ አምባው ሥር ሲደርሱ ደግሞ ዳገቱ ቆሞ ይጠብቅዎታል። ሕዝቡ በበዛበት ሰዓት ያንን ዳገት በእግር መውጣት ለወጣትም ቀላል አይደለም።

የግድ በዚህ በዓል ከሆነ መስከረም 19 ጎህ ሳይቀድ ከደሴ ተነሡ። 20 ቀን መነሣት ማለት ግማሹን በዓል መንገድ ላይ ማሳለፍ ነው። ለእናትዎ መቋሚያ ወይም ጠንካራ ዱላ፣ ሁለት ጋቢ፣ መሬት ላይ የሚነጠፍ ሸራ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ከሚያስፈልገው በላይ፣ ስንቅ (በሶና ዳቦ ቆሎ የሚያህል የለም)፣ ከሁሉም በላይ ውኃ ያዙ። ሌሊቱ ብርድ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚያድረው በድንኳንና በሸራ ሥር ነው። ስልክም አትመኑ፤ ብትጠፋፉ የምትገናኙበትን ቦታ ገና ከመኪና ሳትወርዱ ተነጋገሩ።

የእኔ ምክር ግን ሌላ ነው። እናትዎ የሚፈልጉት መሳለሙን እንጂ ግፊያውን አይመስለኝም። ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም ናት፤ መንገዱ ደርቋል፣ ዝናብ የለም። ወይም በአዘቦት ወር ይምጡ። አምባዋ ያው ናት፣ ካህናቱም ያው ናቸው፤ እናትዎም ተረጋግተው ጸልየው፣ ጠበል ጠጥተው ይመለሳሉ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ለደመራ ልጆቹን ይዘን ደሴ ልንወጣ አስበናል። ስንት ሰዓት እንድረስ?

የኮምቦልቻ ሰዎች፣ በመጀመሪያ ሹራብ! በየዓመቱ በስስ ልብስ ወጥታችሁ አመሻሹ ላይ ስትንቀጠቀጡ አያችኋለሁ። ደሴ ከእናንተ በስድስት መቶ ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ፀሐይ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ከገባች በኋላ ያለው ብርድ ቀልድ አያውቅም።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ዋናው ሥርዓት የሚካሄደው በ16 ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፍተሻ ስላለ ከስምንት ሰዓት በፊት ድረሱ። የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን በአንድ ዓይነት ልብስ በየተራ ይገባሉ፤ ካህናቱ ደመራውን ይዞራሉ፤ ከዚያ ይለኮሳል። ልጆች ትከሻ ላይ ካልሆኑ የሚታያቸው የሰው ጀርባ ብቻ ነው።

ስለዚህ ልጆች ላለው ሰው የሰፈር ደመራ ይበልጣል እላለሁ። እዚያ ልጁ ራሱ ችቦውን ይይዛል፤ አደይ አበባውን እንጨቱ ጫፍ ላይ ራሱ ያስራል፤ «እዮሃ አበባዬ» ሲባል እሱም ይቀበላል። አዛውንቶቹ ምሰሶው ወደ የት እንደሚወድቅ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ይጠባበቃሉ፤ ሲወድቅ የዘመኑን ነገር ይተረጉሙበታል፤ ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ አወዳደቅ ላይ ሲከራከሩ መስማት ከዋናው መርሐ ግብር ይልቅ ይጥመኛል። በማግሥቱ ጧት ደግሞ ልጆቹን ይዛችሁ አመዱ ዘንድ ሂዱ፤ ግንባራቸውን በመስቀል ምልክት ይቀቧቸዋል። አንዳንድ የገጠር አጥቢያ የሚለኩሰው ራሱ ንጋት ላይ ነው።

ጥያቄ (ከጅማ)፦ ሙስሊም ነኝ። የደሴ ጓደኛዬ ለመስቀል ቤቱ ጠርቶኛል። የምግቡ ነገር አሳሰበኝ፤ መጠየቁም ነውር መሰለኝ።

አብሽር ወንድሜ! ወሎ ነው የምትመጣው። ይህን ጥያቄ አንተ ሳትጠይቅ የጓደኛህ እናት አስባበት ይሆናል። በብዙ የወሎ ቤት ክርስቲያኑ ድግስ ሲኖረው ለሙስሊም እንግዶቹ በግ ለይቶ በሙስሊም ጎረቤት ያሳርዳል፤ ድስቱም ለብቻ ነው፣ የምታቀርበውም ብዙ ጊዜ ሙስሊም ጎረቤት ናት። በዒድ ደግሞ በተራው እንዲሁ ይደረግለታል። በአንድ ቤት ውስጥ ወንድም አህመድ፣ እህት ማርያም የሚባሉበት አገር ስለሆነ ይህ ለታይታ የሚደረግ አይደለም። ብትጠይቅም ነውር የለውም፤ «የእናንተ የትኛው ነው?» ማለት በቂ ነው።

መስቀል ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ጾም ስለሆነ ሥጋ አይቀርብም፤ ያን ጊዜ ጭንቀቱም አብሮ ይቀራል። ይዘህ የምትሄደው ቡና ቢሆን ደስ ይላል፤ የጅማ ሰው ሆነህ ሌላ ነገር ብትይዝ ይታዘቡሃል። ሲፈላም አቦል ጠጥተህ እንዳትነሣ፤ ቶናው፣ በረካው አለ። በረካ ላይ ምርቃቱ ይመጣል፤ ትልቁ ሰው እጃቸውን ዘርግተው ሲመርቁ ቤቱ በሙሉ «አሚን!» ይላል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም። በ2016 መውሊድና ደመራ በአንድ ቀን፣ መስከረም 16፣ ነበር የዋሉት። መውሊድ በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ ስለሚመጣ አሁን ነሐሴ ውስጥ ገብቷል፤ መንዙማ ለመስማት ከፈለግህ ጉዞህን በዚያ ጊዜ አስበው።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ አምባሰልን በአገሩ መስማት እፈልጋለሁ። የት ልሂድ?

ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የዚሁ አካባቢ ነው፤ እነ ማሪቱ ለገሰን ያፈራውም የወሎ ላሊበላ ኪነት ነው። እንግዲህ ከምንጩ ነህ ማለት ነው። ሆኖም መድረክ ላይ የተደረደረ ባንድ ብዙ አትጠብቅ። ማሲንቆ ይዞ ወደሚገባ አዝማሪ ሂድ፤ ማታ ላይ የባህል ምግብ ቤቶችን ብትጠይቅ ማን የት እንደሚጫወት ይነግሩሃል። ገና ሲጀምር «አምባሰል» ብለህ ካዘዝህ ለእንግዳ የሚጫወተውን አጭሩን ይሰጥሃል። ትንሽ ቆይ፤ ትዝታውን ይጫወት፣ ስምህንና አገርህን ይጠይቅህ፣ በስምህ ሁለት ስንኝ ይወርውርብህ። ዝርዝር ብር ይኑርህ። ቤቱ ጋብ ሲል ያን ጊዜ ጠይቀው፤ ማሲንቆውን እንደገና ሲቃኝ ካየህ ከልቡ ሊጫወትልህ ነው።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ እኛ አራት ሴቶች ነን። ሐይቅ እስጢፋኖስን መጎብኘት እንችላለን?

ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴት አትገባም፤ ሂዳችሁ በር ላይ ከምትመለሱ ከወዲሁ ልንገራችሁ። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ታላቅ ገዳም ስለሆነ ቅር ይላል፤ ሥርዓቱ ግን ሥርዓት ነው። ሐይቁ ራሱ ለሁሉም ክፍት ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጧት ሄዳችሁ፣ ዳሩ ላይ ዓሣ በልታችሁ፣ ከሰዓት መመለስ ይቻላል። በመስከረም ዙሪያው በሙሉ አረንጓዴ ነው።

ጥያቄ፦ ሻደይና አሸንድዬስ በዚህ ሳምንት አለ?

የለም፤ እሱ የልጃገረዶች በዓል በነሐሴ አጋማሽ አልፏል፤ ቦታውም ሰቆጣና ላሊበላ በኩል ነው።

ጥያቄ፦ ባቲ ገበያ መቼ ነው?

ሰኞ። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግመሉንና ከአፋር የሚወጣውን ሰው ለማየት ረፋድ ላይ ድረሱ፤ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ አያስቆምም።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ የታሪክ ቦታ አይቼ አልጠግብም። ከተማው ውስጥ ምን አለ?

የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት አይጠየፍ አዳራሽ ቀዳሚው ነው። የደሴ ሙዚየም በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፏል፤ ስለዚህ ከመሄድህ በፊት ክፍት መሆኑንና ምን እንዳለ ጠይቅ። ለታሪክ ወዳድ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳም አይታለፍም፤ በ1870 ዐፄ ዮሐንስ የሃይማኖት ጉባኤውን ያካሄዱት እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ጦሳ ላይ ለመውጣት የትኛው ሰዓት ይሻላል? ዝናቡስ?

በመስከረም አጋማሽ ዝናቡ እየቀነሰ ነው፤ አልፎ አልፎ ግን ከሰዓት በኋላ ይወርዳል። ጧት በጣም ማልዳችሁ ብትወጡ ደግሞ ጭጋጉ ከተማዋን ሸፍኖ ምንም አታዩም። ከሦስት ሰዓት በኋላ ተነሡ፣ ከቀትር በፊት ውረዱ። መንገዱን የሚያውቅ የሰፈር ልጅ አስከትሉ፤ ለድካሙም ክፈሉት። ጫማችሁ ሶሉ ያላለቀ ይሁን፤ የክረምቱ ጭቃ ገና አልደረቀም።