ጡሩንባው ይቅር ያለችው ልጅ

ይድረስ ለእትዬ፣

የምኖረው ደሴ ነው። የሰፈራችን ቅሬ (እድር) ጸሐፊ ከሆንኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ኮሚቴው እንዳለ ሸብቷል። ድንኳን ስንተክል ወገባችን እንቢ እያለ ተቸገርን። ስለዚህ በቅርብ ሰፈራችን ከገቡት ተከራዮች ሁለት ወጣቶች ኮሚቴ ውስጥ አስገባሁ። በመጀመሪያው ስብሰባ ልጅቷ ተነሳችና «መዋጮው በቴሌብር ይሁን፣ ጡሩንባው ይቅርና በስልክ መልእክት እንጠራራ፣ ትርፍ ድስቶቹም ይሸጡ» አለች። የቅሬው ዳኛ «ልጄ፣ እስኪ መጀመሪያ አንድ ለቅሶ ድረሽ» አሏት። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከዚያ ወዲህ እሷም ጓደኛዋም ቀሩ። ሄጄ ልለምናት ወይስ ሽማግሌዎቹን እንዳላስቀይም ዝም ልበል?

ጸሐፊው

መልስ

ወንድሜ፣ እኔ ቅር ያለኝ በዳኛው ሳይሆን በእርስዎ ነው። እንግዳ አስገብተው ቤቱን አላሳዩም። ድስቱን ይዩት። ለሰደቃም ለተዝካርም የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ሥጋ ለየብቻ እንደሚሠራ፣ ድስቱ ሁለት ሁለት የሆነውም ለዚያ እንደሆነ ማን ነገራት? ዕቃ ቤቱን አንድ ቀን ከፍተው ቢያሳዩዋት ያንን ሐሳብ ራሷ ትተወው ነበር። ጡሩንባውም እንደዚያው። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ደሴ ላይ ስልክ ሲጠፋ እናንተ አይታችኋል። ጡሩንባ ኔትወርክ አይፈልግም። እሷ ግን ያኔ ሌላ አገር ከነበረች ከየት ትወቀው?

መዋጮው ላይ ግን ልጅቷ ልክ ናት። (ዳኛው ይህን ባያነቡ ደስ ይለኛል።) ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ውሎ እሁድ ጠዋት ለመክፈል የሚሰለፍ ተከራይ ስንት ወር ይታገሣል? የፈለገ በቴሌብር፣ ያልፈለገ በጥሬ ገንዘብ ይክፈል። ሁሉም አንድ መዝገብ ላይ ይስፈር። መዝገቡን እሷ ትያዝ፣ ገንዘብ ያዡ አጠገቧ ይቀመጡ። ገንዘቡን ማን እንደሚቆጥር ካወቁ ሽማግሌዎቹም ብዙ አያጉረመርሙም።

አሁን ሄደው ይጥሯት። ስብሰባ ግን አይጥሯት፤ የተሳቀባት እዚያ ነው። ቤትዎ ቡና ይፈላ፣ ዳኛውም ይምጡ። አቦሉ ላይ የቅሬ ወሬ አይነሳ። በረካው ላይ ዳኛው «ያን ቀን ሳቅንብሽ አይደል?» ካሉ ይበቃል። ከሽማግሌ አፍ ከዚያ በላይ ይቅርታ አይወጣም። ጓደኛዋን እሷው ታመጣዋለች።