የመስቀል ወፍ የት ትከርማለች?

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ስለ ወፎች የሚደርሱን ደብዳቤዎች ይበዛሉ። ለዚህ እትም ሦስቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጄ «የመስቀል ወፍ ከበዓሉ በኋላ የት ትሄዳለች?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ እንደሰማሁት፣ ከሩቅ አገር መጥታ የምትመለስ ናት አልኳት። ልጄን አሳስቻት ይሆን?
አንዲት እናት፣ ከኮተቤ

መልስ፦ የተሳሳቱት እርስዎ ብቻ አይደሉም። ጠፍቶ የከረመን ወዳጅ «ምነው የመስቀል ወፍ ሆንክብን» የምንለው ሁላችንም፣ ወፏ ዓመቱን ሌላ ቦታ አሳልፋ ለበዓሉ ብቻ ብቅ የምትል ስለሚመስለን ነው። እውነቱ ግን የትም አልሄደችም። በጋውንም በልጉንም እዚሁ፣ ምናልባትም እርስዎ አጥር ላይ፣ ከድንቢጦች ጋር ተቀላቅላ ጥሬ ስትለቅም ትከርማለች፤ ላባዋ ያን ጊዜ ቡናማና ዝንጉርጉር ስለሆነ ልብ የሚላት የለም።

በየአካባቢው በዚህ ስም የሚጠራው አንድ ዓይነት ወፍ ብቻ አይደለም። አንዳንዱ የመስቀል ወፍ የሚለው ጥቁርና ነጭ የለበሰውን፣ ምንቃሩ የቀላውንና ጅራተ ረጅሙን ወፍ ሲሆን፣ ይህ በእንግሊዝኛ ፒን ቴይልድ ዋይዳ ይባላል። ሌላው ደግሞ ረግረግ ሣር ላይ ላባውን ነፍቶ እንደ ትልቅ ንብ የሚያንዣብበውን ቢጫና ጥቁር ወፍ ማለቱ ነው። በሁለቱም ዘንድ የሚያጌጠው ወንዱ ብቻ ነው። እኛ «መጣች፣ ታየች» እያልን እንደ ሴት ብንጠራትም ለበዓሉ የለበሰው እሱ ነው፤ እሷማ በመስከረምም ያችኑ ቡናማ ቀሚሷን እንደለበሰች ናት።

ወቅቱ መስከረም የሆነው ዝናቡ ያበቀለው ሣር ፍሬ ስለሚይዝና ለጫጩት የሚሆን ምግብ ስለሚገኝ ነው። የዋይዳው ወንድ ገላው ከድንቢጥ አይበልጥም፤ በዚህ ጊዜ የሚያበቅለው ጅራት ግን 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል። ሴቷ ጥሬ ስትለቅም እሱ ከፊቷ አየር ላይ ቆሞ፣ ጅራቱን እያውለበለበ ወደ ላይና ወደ ታች ሲዋልል ማየት ይቻላል፤ እሷ ብዙውን ጊዜ ቀና ብላም አታየውም። ጎጆ መሥራትም አያውቁም። ሴቷ እንቁላሏን ምንቃሯ ቀይ በሆነ ሌላ ትንሽ ወፍ ጎጆ ውስጥ ትጥላለች፤ የባለጎጆዋን እንቁላል ግን አትነካም። የዋይዳዋ ጫጩት አፏን ስትከፍት ላንቃዋ ላይ የሚታየው ነጠብጣብ ከባለጎጆዋ ልጆች ጋር ስለሚመሳሰል፣ አሳዳጊዋ ሳትለይ አብራ ታበላታለች። በጋው ሲጠና ወንዱ ጌጡን አውልቆ ወደ ድንቢጦቹ ይቀላቀላል። ለልጅዎ «ልብሱን ቀይሮ ነው» ቢሏት ይበቃል።

ጥያቄ፦ እዚህ በምኖርበት አካባቢ ሮክ ክሪክ ፓርክ ውስጥ በሚያዝያ ወፍ መመልከት ጀምሬአለሁ። ለመስቀል አዲስ አበባ እመጣለሁ፤ ትርፍ ጊዜዬ ግን ግማሽ ቀን ብቻ ነው። ወዴት ልሂድ?
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ከከተማ ሳይወጡ ሰፊ ቦታ ከፈለጉ እንጦጦ ሥር ያለው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል 705 ሄክታር ነው። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ለእግር ጉዞ ግሩም ነው፤ ሆኖም ባሕር ዛፍ በበዛበት ወፍ ይሳሳልና፣ እዚያ ከሄዱ ጽድና ወይራ ያለበትን ጥግ ይፈልጉ። ግንባሩ የቀላ፣ የጽድ ፍሬ የሚወድ ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን ካጋጠመዎት፣ ይህ ወፍ በተፈጥሮ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ አይገኝም።

የእኔ ምርጫ ግን መናፈሻ ሳይሆን የቆየ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው፤ ምክንያቱም ከተማው ሲመነጠር አሮጌዎቹ አገር በቀል ዛፎች የተረፉት እዚያ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሂዱ። በመጀመሪያ የሚሰሙት ከማደሪያቸው በመንጋ እየጮኹ የሚነሡትን፣ ምንቃራቸው እንደ ማጭድ የጎበጠ፣ ጉሮሯቸው ላይ ቆዳ የተንጠለጠለ ትልልቅ ወፎች ነው፤ እንግሊዝኛው ዋትልድ አይቢስ ይላቸዋል። ጉልላቱ ላይ ማጅራቷ ነጭ የሆነ ግራጫ ርግብ ትኖራለች። አበባ ካለ ደግሞ ከሩቅ ጥቁር መስሎ ፀሐይ ሲያርፍበት ሐምራዊ የሚያብለጨልጭ፣ የአበባ ማር የሚቀስም ወፍ አይጠፋም፤ ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው ከተከዜ ወንዝ ነው።

በሚያዝያ እዚያ የሚያዩአቸው መንገደኞች ወደ ሰሜን ሲያልፉ ነው፤ በመስከረም እዚህ የሚያዩአቸው ግን ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚደርሱትን ነው። ከከብት እግር ሥር ጅራቷን እያወዛወዘች ነፍሳት የምትለቅመውን ቢጫማ ወፍ ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ የሚሆን ባይኖኩላር የትኛው ነው?
ከሐዋሳ

መልስ፦ 8 በ42 የሚል የተጻፈበትን ይግዙ። 8 የሚያቀርብበት እጥፍ ነው፤ 42 ደግሞ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። አሥር እጥፍ የሚያቀርበው የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ስለሚያጎላ ጀማሪን ያደክማል። ወደ መንግሥት ሕንፃና ወደ ሰው መስኮት አያዙሩት። እኔ አንድ ጊዜ ከአንድ ግቢ አጥር አጠገብ ስመለከት ዘበኛው መጥተው ምን እንደማይ በቁጣ ጠየቁኝ። ምሰሶው ላይ የነበረውን ትልቅ ቁራ አሳይቼ መነጽሩን ሰጠኋቸው። «ማጅራቱ ነጭ ነው እንዴ?» አሉ፤ ቁራው በየቀኑ እዚያው ምሰሶ ላይ የሚያርፍ ነበር። መነጽሬን እስኪመልሱልኝ ሩብ ሰዓት ጠበቅሁ።