ሐይቅ ዳር የጀልባ ማቆሚያ፦ ቋሚ ወይስ ተንሳፋፊ?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ፣ የምኖረው ደሴ ነው ግን ሐይቅ ከተማ፣ ሐይቁ ዳር የአባቴ ቤት አለ፣ ለጀልባ ማቆሚያ ብለን ባህር ዛፍ ተክለን ጣውላ ረብርበንበት ነበር፣ ክረምት ላይ ውሃው ጣውላውን ዋጠው፣ በጋ ላይ ደግሞ ጀልባዋ ጭቃ ላይ ቁጭ፣ ምን ይሻለናል?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ጥፋቱ የአናጢው አይደለም የሐይቁ ጠባይ ነው። የሐይቅ ከተማው ሐይቅ ውሃ በወንዝ ወጥቶ የሚሄድበት መንገድ የለውም፣ ክረምት የገባውን ባብዛኛው ፀሐይ ነው የምትጨርሰው፣ ስለዚህ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ቋሚ ነገር ብትሰራ መቼም ልክ አይመጣልህም። ተንሳፋፊ ስራ። ክዳኑ የማያስገባ ባለ 200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል ሙሉ በሙሉ ሊሰምጥ ሲል ወደ 190 ኪሎ ይሸከማል፣ እኔ ግን ከግማሽ በላይ አትጫነው ባይ ነኝ፣ 6 በርሜል ካለህ 550 ኪሎ ገደማ በል፣ እሱም ፍሬሙና ጣውላው ተቆጥሮ ነው (ፎቶ ሲባል ሰው ሁሉ አንድ ጫፍ ላይ ነው የሚሰበሰበው!)። ከዳር ጋር በማጠፊያ ድልድይ አገናኘው፣ የመልህቁን ገመድ አታወጥረው፣ ውሃው ሲሞላ ይጎትተዋል። የድሮውን ባህር ዛፍ ደግሞ እርጥብና ደረቅ የሚፈራረቅበት ቦታ ላይ በቢላ ወጋ ወጋ አርገህ እየው፣ መጀመሪያ የሚበሰብሰው እዛ ጋ ነው።