ከሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ጋር ለአንድ ቀን ሽርሽር የት እንሂድ?

ውድ እኅታችን፣ «የሁለት ዓመት ተኩል ልጄንና እናቴን ይዘን እሑድ ጠዋት ከአዲስ አበባ ወጥተን ማታ መመለስ እንፈልጋለን፤ ላንጋኖ ይሻላል ወይስ ወንጪ?» ብለው የጠየቁትን አነበብኩ። ሁለቱም ያማሩ ቦታዎች ናቸው። ነገር ግን ሁለት ልጆችን በዚያ ዕድሜያቸው ይዤ የወጣሁ አባት እንደመሆኔ፣ ለዚህኛው ጊዜ ሁለቱንም ትተው ከቤትዎ በአንድ ሰዓት ገደማ የሚደረስበት ቦታ እንዲመርጡ እመክርዎታለሁ።

ይህን የምለው ተሳስቼ ስላየሁት ነው። የመጀመሪያ ልጃችን ሁለት ዓመት እንደሞላው ላንጋኖ ደርሰን ልንመለስ ተነሣን። መንገዱ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ልጁ ሞጆ ሳንደርስ እንቅልፍ ወሰደው፣ መቂ ላይ ነቃ፣ ከዚያ እስከ ሐይቁ ድረስ ማልቀሱን አላቆመም። በጨለማ ከጭነት መኪናዎች ጋር እንዳንጋፋ ብለን ቶሎ ስለተነሣን፣ ከውሃው ዳር የቆየነው ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ከሁሉም በላይ የቆጨኝ ግን ልጁ አሸዋውን ገና መጫወት በጀመረበት ሰዓት ከአሸዋው ላይ አንሥተን መኪና ውስጥ ማስገባታችን ነው። ለእኛ ለአዋቂዎቹ መንገዱም የሽርሽሩ አካል ነው፤ ለሁለት ዓመት ልጅ ግን መንገድ ማለት ታስሮ መቀመጥ ነው።

ከዚያ በኋላ እንጦጦን መረጥን፤ ለእርስዎም መጀመሪያ የምመክርዎ እርሱን ነው። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ልጅ እንደልቡ የሚሮጥበት ሰፊ ቦታና የተሠራ የእግር መንገድ አለው። መኪና ከሌለዎትም ከሽሮ ሜዳ በታክሲ መውጣት ይቻላል። እናትዎ ደግሞ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የደፉባትን እንጦጦ ማርያምን ተሳልመው ሊመለሱ ይችላሉ፤ የእኔ እናት ከሽርሽሩ ሁሉ ዛሬም የምታነሣው ያንን ነው። ሆኖም ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ስላለው፣ እናትዎ የልብ ወይም የአስም ሕመም ካለባቸው አስቀድመው ሐኪማቸውን ቢያማክሩ፣ ዳገቱንም ቀስ ብለው ቢወጡ መልካም ነው።

የመጀመሪያው የእንጦጦ ቀናችን አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ዕቅዳችን ጫካውን አቋርጠን ከተማው ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ቦታ ድረስ መሄድ ነበር። ልጁ ግን ገና ሃምሳ እርምጃ ሳንሄድ ቁጢጥ ብሎ የባሕር ዛፍ ፍሬ መልቀም ጀመረ። ያ ፍሬ ሲደርቅ አናቱ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ቀዳዳ ይወጣለታል፤ ልጁም አንዱን አንሥቶ በጣቱ ቀዳዳውን ይነካካል፣ ያሸታል፣ ከዚያ እጁን ዘርግቶ ለእኔ ይሰጠኛል፣ ሌላ ይፈልጋል። ወደ አፉ እንዳይከት እየተቆጣጠርኩ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ያህል በዚያች ቦታ ላይ አለፈ፤ ከተማውን ሳናይ ተመለስን፤ እርሱም የጃኬቱን ሁለት ኪሶች ሞልቶ እንቅልፍ ወሰደው። ስለዚህ የት እንደምትደርሱ ሳይሆን ስንት ሰዓት እንደምትቆዩ ብቻ ወስናችሁ ብትወጡ፣ የቀረውን ልጅዎ ራሱ ይመራችኋል።

ሁለተኛው ምርጫዬ ቢሾፍቱ ነው። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ ከፍታውም 1,900 ሜትር አካባቢ ስለሆነ አየሩ ከእንጦጦ ይሞቃል። እዚህ ላይ ግን በጣም የማስጠነቅቅዎ ነገር አለ። አብዛኞቹ የቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠሩ ጉድጓዶች ውስጥ የተጠራቀሙ ስለሆኑ፣ ዳርቻቸው እንደ ላንጋኖ ቀስ እያለ የሚጠልቅ አይደለም። የቢሾፍቱ ሐይቅ ራሱ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል። ሴት ልጃችንን ይዘን አንድ ሐይቅ ዳር ካለ መዝናኛ ገብተን፣ አጥር የሌለው ቁልቁለት መኖሩን ሳላስተውል ጠረጴዛ ያዝን። እኔ ምግብ ሳዝዝ ልጅቷ ወፍ ተከትላ ቁልቁል ሮጠች፤ እናቷ ደርሳ የሹራቧን ጀርባ ባትይዛት ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ዛሬም ሳስበው እጄ ይንቀጠቀጣል። ከመቀመጥዎ በፊት ዳርቻውን ራስዎ ዞረው ይዩት፤ አጥር ከሌለ ሌላ ቦታ ይሂዱ። «ሁላችንም እናየዋለን» ማለት ማንም አላየውም ማለት ስለሚሆን፣ በየግማሽ ሰዓቱ የልጁ ጠባቂ ማን እንደሆነ በስም ተነጋገሩ።

ስለ መኪናው ጉዳይ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ብዙዎቻችን ልጅን ፊት ወንበር ላይ ታቅፎ መጓዝን እንደ ፍቅር እንቆጥረዋለን። ነገር ግን በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ብቻ በሚጓዝ መኪና እንኳ ግጭት ቢደርስ፣ 12 ኪሎ የሚመዝን ልጅን በክንድ ይዞ ማስቀረት የሚችል ሰው የለም፤ በፈጣን መንገድ ደግሞ ፍጥነቱ ከዚህ እጥፍ ይሆናል። የልጅ መቀመጫ ከሌለዎት ከዘመድ ተውሰው የኋላ ወንበር ላይ በደንብ ያሰሩለት። የእኛ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ስናስረው አልቅሶ ነበር፤ ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት በየቀኑ ለዐሥር ዐሥር ደቂቃ በሰፈር ውስጥ ስናለማምደው ግን ተወው።

ምግቡን ከቤት ይያዙ፤ ሆቴል የታዘዘ ምግብ እስኪደርስ የራበው ልጅ አይጠብቅም። እኛ የምንይዘው በምሳ ዕቃ ፍርፍር፣ የተቀቀለ ድንችና እንቁላል፣ ሙዝ፣ ድፎ ዳቦ ነው። ቆሎና ለውዝ ግን ለትልልቆቹ ይሁን፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በደንብ አላምጦ ስለማይውጥ በቀላሉ ትንታ ያስይዘዋል፤ አያቶች ደግሞ ከእጃቸው ቆሎ መስጠት ስለሚወዱ ይህን ለእናትዎ አስቀድመው በትሕትና ቢነግሯቸው ይሻላል። ፖፖውንም አይርሱ። ከዳይፐር ገና የወጣ ልጅ ባልለመደው መጸዳጃ ቤት እምቢ ይላል፤ የራሱን ፖፖ ከዛፍ ሥር ሲያይ ግን ደስ ብሎት ይቀመጣል። እርጥብ ሶፍት፣ ቆሻሻ የምትይዙበት ፌስታል፣ ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ ሣሩ ላይ የምታነጥፉት አሮጌ ጋቢ ከያዛችሁ ይበቃል።

አየሩም ያታልላል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ቅዝቃዜው ይጨምራል፤ በግምት በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ይቀንሳል። ስለዚህ ቦሌ ላይ ቲሸርት የሚበቃው ልጅ እንጦጦ ላይ ሹራብና ጃኬት ያስፈልገዋል። ፀሐይዋ ግን በተቃራኒው ትበረታለች፤ ብርድ ነው ብለን ቆብ ሳናደርግለት የዋለው ልጃችን ማታ ጉንጩ በርበሬ መስሎ ነበር። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ያለው ወቅት ሰማዩ ጥርት ያለ ስለሆነ ለእንዲህ ያለ ቀን ይመቻል፤ በክረምት ግን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለሚመጣ ጠዋቱን ብቻ ይጠቀሙበት።

ሰዓቱን በልጅዎ እንቅልፍ ይለኩት። ልጅዎ የሚተኛው ከቀኑ 7 ሰዓት ከሆነ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ወጥታችሁ 3 ሰዓት ገደማ ብትደርሱ፣ ምሳውን 5 ሰዓት ተኩል ላይ አብልታችሁት 6 ሰዓት ተኩል ላይ ብትነሡ፣ የመልሱን መንገድ ተኝቶ ይጨርሰዋል። ማታ ድረስ መቆየት የሚል ሐሳብ ስላለዎት ይህ አጭር ሊመስልዎት ይችላል፤ ነገር ግን እኛ እስከ ምሽት በቆየንባቸው ቀናት ሁሉ የመጨረሻው ሁለት ሰዓት ያለቀው በለቅሶና በእሽሩሩ ነው። ለላንጋኖ ልጅዎ አምስት ዓመት ሲሞላው፣ ያውም አንድ ሌሊት አድራችሁ ብትሄዱ ይሻላል፤ እኛም ሴት ልጃችንን ይዘን ለመሄድ ያን ጊዜ እየጠበቅን ነው።