«ደሟ ተመርዟል» ሲባል ማን መረዘው?

ጥያቄ፦ አክስቴ ሆስፒታል ተኝታለች። ሐኪሙ «ደሟ ተመርዟል» ሲለን ቤተሰቡ «ማነው መርዝ ያበላት?» ብሎ ተረበሸ። የላቦራቶሪ ወረቀቱ ላይ ደግሞ «ግራም ኔጌቲቭ» ይላል። ኔጌቲቭ ከሆነ ባክቴሪያ የለም ማለት አይደለም? «የደም መመረዝ»ስ ትክክለኛ አማርኛ ነው?

መልስ፦ በመጀመሪያ አክስትሽን እግዜር ይማርልሽ።

አማርኛው ስሕተት የለበትም፣ ግን ያሳስታል። «ተመረዘ» ሲባል ጆሯችን ወዲያው መራዥ ይፈልጋል። ሐኪሞች «የደም መመረዝ» ሲሉ ግን ሴፕሲስ ማለታቸው ነው፣ እሱ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ነገሩን የሚያስነሳው ባክቴሪያ ወይም ሌላ ተህዋሲ ቢሆንም፣ ሰውነት የሚሰጠው ምላሽ ልክ አጥቶ ኩላሊቱን፣ ሳንባውን፣ የራሱን አካል መጉዳት ሲጀምር ነው ሴፕሲስ የሚባለው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ ትርጓሜም ይህንኑ ነው የሚለው።

እኔ ብመርጥ «ተቆጣ» እላለሁ። እናቶቻችን «ቁስሉ ተቆጥቷል» ይሉ የለ? ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነኩት ያቃጥላል፣ ከዚያ መግል ይቋጥራል። መግሉ በአብዛኛው ባክቴሪያ ሲውጡ የሞቱ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ጣት ላይ ከሆነ ቁጣው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይበርዳል። በሴፕሲስ ጊዜ ግን መላ ሰውነት ነው የሚቆጣው።

ወደ ወረቀቱ ልምጣ። «ግራም» እዚህ ጋ ሚዛን አይደለም፣ የሰው ስም ነው። ዴንማርካዊው ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ግራም በ1884 ባክቴሪያን በቀለም የመለየት ዘዴ አወጣ። በአልኮል ሲታጠብ ወይን ጠጁን ቀለም ይዞ የቀረው ፖዘቲቭ፣ የለቀቀው ኔጌቲቭ ተባለ። ስለዚህ ኔጌቲቭ የተባለው ቀለሙን ስላልያዘ ነው እንጂ ባክቴሪያውማ አለ!

ነጭ የደም ሴሎችም ሁለቱን ይለያሉ። እንደ ኢ ኮላይ ያሉት ኔጌቲቮች የውጭ ሽፋናቸው ላይ ኢንዶቶክሲን የሚባል ነገር አለ፤ ሴሎቹ ይህን የሚያውቁት ቲኤልአር 4 በሚባል ተቀባይ፣ ማለትም ባክቴሪያን በሚለይ ፕሮቲን ነው። ስታፊሎኮከስን የመሳሰሉት ፖዘቲቮች ኢንዶቶክሲን የላቸውም፣ ከግድግዳቸው የሚገኙትን ሌሎች ነገሮች በዋናነት ቲኤልአር 2 ይለያቸዋል። መግቢያው ይለያይ እንጂ ውስጥ የሚቀሰቀሰው ቁጣ ተቀራራቢ ነው። «ቶክሲን» መርዝ ማለት ስለሆነ «ተመረዘ» ለኔጌቲቮቹ ትንሽ ይቀርባል፤ ግን ኢንዶቶክሲንም ቢሆን ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው ይህንኑ ቁጣ በመቀስቀስ ነው።

ለቤተሰብሽ እንዲህ በያቸው፦ «ኢንፌክሽን ይዟት ሰውነቷ ከልክ በላይ ተቆጥቶ ራሱን እየጎዳ ነው፣ ሴፕሲስ ይባላል።» ያኔ ጎረቤት የሚጠረጥር አይኖርም።