አይዲ 4 ክሮዝ ራሱን ይነዳል ወይ ብለህ ለጠየቅከው

ወንድሜ፣ ደላላው በላከልህ ቪዲዮ መሪው ወደ ዳሽቦርዱ ሲገባ አይተህ፣ ልትገዛው ያሰብከው ከቻይና የመጣ የቮልስዋገን ኤሌክትሪክ መኪና፣ አይዲ 4 ክሮዝም «ሶፍትዌር ሲጫንለት» እንደዚያ ይሆናል ወይ ብለሃል። አይሆንም። በዚህ ስም ዋጋው ላይ የተጨመረ ብር ካለ አስቀንሰው።

ቪዲዮው ላይ ያለው ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2017 ሻንጋይ ላይ ያሳየው አይዲ ክሮዝ የተባለ ኮንሴፕት ነው። ለኤግዚቢሽን ተሠራ፣ እንደዚያው ሆኖ ገበያ አልወጣም። አይዲ 4 ከሱ የተወለደ ነው፣ ስሙንም ወርሷል፤ ደላሎቹ የሚጫወቱት በዚህ የስም መመሳሰል ነው።

1. የሌለን ዕቃ ሶፍትዌር አያመጣውም። ኮንሴፕቱ ላይ የመሪውን መሃል አርማ ለጥቂት ሰከንድ ተጭነህ ስትይዝ መሪው ይገባል፣ ከጣሪያው አራት የሌዘር ስካነሮች ብቅ ይላሉ። ራዳር፣ አልትራሳውንድና ካሜራም አብረው ይሠራሉ። የአይዲ 4ን ጣሪያ በእጅህ ዳስሰው፣ ምንም የለም። ከስካነሩ በላይ ደግሞ መጠባበቂያው አለ። ሰው የማይጠብቀው መኪና ፍሬኑ ወይም የመሪው ሞተር ቢከዳው ወዲያው የሚተካ ሁለተኛ ሥርዓት ያስፈልገዋል። አይዲ 4 ላይ መጠባበቂያው አንተ ነህ። ቮልስዋገን ራሱ እውነተኛውን ነገር እ.ኤ.አ. በ2025 አይዲ በዝ ኤዲ በተባለው ራሱን የሚነዳ ቫን ላይ ሲያወጣ 27 ሴንሰር ነው የጫነበት፦ 13 ካሜራ፣ 9 ላይዳር (የሌዘር ስካነር)፣ 5 ራዳር። ያውም ለትራንስፖርት ድርጅቶች እንጂ ለቤት መኪና ገዢ አይደለም።

2. ያለው ትራቭል አሲስት ነው፣ ደረጃ 2። ፍጥነትና ርቀት ይጠብቃል፣ መስመር መሃል ያስኬዳል፣ ኃላፊነቱ ግን የሹፌሩ ነው። ሁሉም አይዲ 4 ላይ የለም፣ «ፉል ኦፕሽን» ተብሎ የተለጠፈበትም ላይ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ቆሞ አትፈትነው። መስመሩ በደንብ የተቀባ መንገድ ላይ፣ ለምሳሌ የአዲስ–አዳማ ፍጥነት መንገድ ላይ ውሰደው። መሪው ላይ በግራ በኩል ያለውን ቁልፍ ተጭነህ አብራው። ግራና ቀኝ ያለው መስመር ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ሆኖ መሪው በቀስታ ሲስብህ ከተሰማህ አለ ማለት ነው። ፍጥነት ብቻ ከያዘ ያለህ ተራ ክሩዝ ኮንትሮል ነው። እጅህን ስታነሳ ጥቂት ቆይቶ ይጮሃል፣ ቀጥሎ ፍሬን እየነካ ይነቀንቅሃል፣ በመጨረሻም ራሱ ያቆማል። መገናኛ ውስጥ ባጃጅ ሲሽሎከለክ እንዲረዳህ አትጠብቅ፤ የተሠራው ለዚያ አይደለም።

3. የፊት መስታወት። ብዙ ገንዘብ የሚበላው እዚህ ጋ ነው፣ በመጀመሪያው ተራ ላስቀምጠው ይገባ ነበር። ከውስጡ የኋላ ማያ መስተዋት ጀርባ፣ የፊት መስታወቱ ላይ ተጠግታ የተቀመጠች ካሜራ አለች። ፊቷ ያለችው ጥርት ያለች ጠባብ ቦታ ላይ ቦሎ የሚለጥፍ፣ ጥቁር ስቲከር የሚያለብስ ሰው አይጠፋም። ከዚያ «ካሜራው ተበላሸ» ተብሎ ለዕቃ ይከፈላል፣ ስቲከሩን መላጥ ይበቃ ነበር። መስታወቱ ከተቀየረ ግን ሌላ ጣጣ አለ። የካሜራው ማቀፊያ ያለበት፣ ለዚያው ሞዴል የተሠራ መስታወት መሆን አለበት፤ ከተገጠመ በኋላም ካሊብሬሽን፣ ማለትም ካሜራዋን በልኬት ማስተካከል፣ ግድ ነው። ካሜራዋ አንድ ዲግሪ ብትዛባ 50 ሜትር ላይ ስህተቱ ወደ 87 ሳንቲሜትር ይሆናል። መኪናው መሃል ነኝ ብሎ ወደ ጎን ይገፋሃል።

ካሊብሬሽን ማለት ኮምፒውተር ሰክቶ ኮድ ማጥፋት አይደለም። ወለሉ ደልዳላ ይሁን፣ አራቱም ጎማ ትክክለኛ ንፋስ ይኑረው፣ መኪናው ውስጥ ጭነት አይኑር፣ አላይመንት አስቀድሞ ይሠራ። ከዚያ ሥዕል ያለበት ሰሌዳ ከመኪናው ፊት በተለካ ርቀት ይቆማል። ሰሌዳው የሌለው ጋራዥ «ጨርሻለሁ» ካለህ መብራቱን ነው ያጠፋልህ። ለአላይመንትም እንደዚሁ፦ አላይመንቱ ከተነካ ካሜራዋ መፈተሽ አለባት። ከፊት ፓራውልት ላይ ያለው ራዳርም የራሱ ካሊብሬሽን አለው። ፊቱ የብረት መከላከያ የሚያስገጥም ሰው በገዛ ገንዘቡ ያሳውረዋል።

4. የቀረው ልዩነት በአጭሩ። ኮንሴፕቱ የፊት 75፣ የኋላ 150፣ በድምሩ 225 ኪሎዋት፣ በአራቱም ጎማ የሚገፋ ነበር። እዚህ አዘውትሮ የሚገባው ባለ አንድ ሞተር ነው፣ 150 ኪሎዋት፣ የኋላ ጎማ። ተንሸራታቹ የኋላ በርና መሃል ላይ ምሰሶ አለመኖሩ ቀርቷል፣ እኔ በመቅረቱ ደስ ይለኛል፤ በጎን ሲመታ የሚያድንህ ያ ምሰሶ ነው። ቃሉን የጠበቀው ባትሪው ነው፦ ኮንሴፕቱ 83 ኪሎዋት ሰዓት ነበር፣ የቻይናው ትልቁ ባትሪ 84.8 ነው። የቻርጅ ሶኬቱ የቻይና ስታንዳርድ፣ ለቤትና ለፈጣን ቻርጅ ለየብቻ መሆኑን አትርሳ፤ የአውሮፓ ቻርጀር ካለህ አይገባለትም።

ስመ ንብረቱ ሳይዞር አንድ ነገር አድርግ፦ የፊት መስታወቱ ጥግ ላይ ያለውን ማርክ ከጎን መስታወቶቹ ጋር አስተያይ። ከተለየ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፣ ሻጩን ጠይቀው፤ ከተቀየረ ካሊብሬሽኑን ሻጩ በራሱ ወጪ አሠርቶ ያስረክብህ።