ውሻዬን በፈላ ውሃ ያቃጠለውን ጎረቤት ብከስ በደል ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? የምኖረው እዚሁ ጎንደር፣ ቀሃ ኢየሱስ አካባቢ ነው። ቡቺ የሚባል ውሻ አለኝ። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ቤት ገብቶ ሊጥ ላሰባቸው። እሳቸውም አባረው ካስወጡት በኋላ ደጄ ድረስ ተከትለው የፈላ ውሃ ደፉበት። ጀርባው ተልጧል፤ አንድ ዓይኑም የሚያይ አይመስለኝም። ፖሊስ ጋ ልሄድ ስነሳ ሰፈርተኛው ሁሉ «ለውሻ ብለሽ ሰው ልታሳስሪ ነው?» አለኝ። እኔም ንዴቱ አላስቀምጥ ቢለኝ ለቀሃ ኢየሱስ ነገርኳቸው። «እጃቸውን አድርቅልኝ» ብዬ ጃንጥላ ተሳልኩ። አሁን ፍልሰታ እየደረሰ ነው፤ መቁረብ እፈልጋለሁ። ብከሳቸው በደል ነው? ቡቺንስ ጠበል ልርጨው? በጾሙ ሥጋ ብሰጠው ነውር አለው?

መልስ፦ ልጄ፣ ከሁሉ በፊት የሚያስቸኩለውን ልናገር። ቡቺን ሐኪም አይቶታል? እሱን አልጻፍሽልኝም። ካላየው ዛሬውኑ ውሰጂው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፤ ከዚያ ጀምረሽ ጠይቂ። ቁስሉን ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አትቀቢው። ቤት ያለውን የሰው የሕመም ማስታገሻም አትስጪው፤ ኢቡፕሮፌን የሚሉት የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። ያመመው ውሻ ባለቤቱንም ይነክሳልና ስትይዢው ተጠንቀቂ። ከነከሰሽ ቁስሉን 15 ደቂቃ ያህል በውሃና በሳሙና እጠቢና ወዲያው ጤና ጣቢያ ሂጂ። የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አያውቅም። «ጠበል እጠመቃለሁ» ብለሽ ክትባቱን እንዳታስቀሪ።

ጠበሉን ካነሳን አይቀር፣ ገበሬው በሬው ሲታመምበት ጠበል ይረጫል፤ ነውር ነው ያለው የለም። አንቺም በእምነት ብትረጪው አልከለክልሽም። ግን ክፍት ቁስሉ ላይ አታፍስሺበት፤ ሰው ወደሚጠመቅበት ስፍራም ይዘሽው አትሂጂ። መድኃኒቱንም አታቋርጪ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ይነግረናል፤ ወደ ሐኪም መሄድ እምነት ማጣት አይደለም።

አሁን ወደ ሰፈሩ ወሬ እንምጣ። «ለውሻ ብለሽ» ያሉሽ ሰዎች ከልባቸው ይመስለኛል። እኛ ጋ ውሻ ከበር ውጭ ያለ ፍጥረት ነው። ቤተ ክርስቲያን አይገባም፣ ማዕድ አይቀርብም። እኔ ራሴ በቆሎ ተማሪነቴ ከውሻ ጋር ወዳጅ አልነበርኩም። ቁራሽ ልለምን በሄድኩበት ደጅ ቀድሞ የሚቀበለኝ እሱ ነበር፤ ባቴ ላይ ያለው ጠባሳ ይመሰክራል። ስለዚህ የውሻ ጠበቃ ሆኜ የምናገር እንዳይመስልሽ። ነገር ግን ውሻ መቅደስ አይግባ ማለት የቤቱ ሥርዓት ነው። በር ላይ የፈላ ውሃ ድፉበት ያለ ሥርዓት የለም።

መጽሐፉ ምን ይላል? «ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ ይራራል» ይላል፣ ምሳሌ 12፥10። የበለዓምን ታሪክ ደግሞ ዘኍልቍ 22 ላይ አንብቢ። ሰውየው አህያይቱን ሦስት ጊዜ ደበደባት። መልአኩ ሰይፉን መዝዞ ሲገለጥለት መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ጉዞው አይደለም። አህያህን ሦስት ጊዜ ለምን መታህ ነው ያለው። ከሰማይ የተላከ መልአክ የአንዲት አህያ ዱላ ቆጥሮ ጠየቀ። ታዲያ አንድ የጎንደር ፖሊስ ስለ ውሻ ቢጠይቅ ምን ያስገርማል?

እዚሁ ከተማችን፣ ከአርባ አራቱ ታቦታት መካከል፣ የአርባዕቱ እንስሳ ቤተ ክርስቲያን አለ። ኅዳር 8 ስናከብር የምንሰማውን አስታውሺ። የእግዚአብሔርን ዙፋን ከተሸከሙት ከአራቱ ገጸ ሰብእ ስለ ሰው፣ ገጸ አንበሳ ስለ አራዊት፣ ገጸ ላህም ስለ እንስሳት፣ ገጸ ንስር ስለ አእዋፍ ይለምናሉ። እንስሳት በዙፋኑ ፊት የሚለምንላቸው አላቸው ብለን እያከበርን፣ በሰፈራችን ሲቃጠሉ «ውሻ ነው እኮ» ማለቱ አይገጥምም። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳም እመቤታችን የተጠማ ውሻ በጫማዋ ስታጠጣ ተሥላ ታገኛለሽ። ያንን ሥዕል ተሳልመው የወጡ ሰዎች ናቸው አንቺን የሚከለክሉሽ።

እንግዲህ መክሰሱ በደል አይደለም። በሕግ ማመልከት በቀል አይባልም። በቀል ማለት አንቺም ውሃ አፍልተሽ መሄድ ነው። ወይም ደግሞ፣ ልጄ አትቀየሚኝ፣ የሰው እጅ እንዲደርቅ መሳል ነው። እስኪ አስቢው። ፖሊስ ጋ እንዳትሄጂ ጭካኔ ነው ያሉሽ ሰዎች፣ እጃቸውን አድርቅልኝ ብለሽ ስትሳዪ አንድም ቀን ተይ አላሉሽም። ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኗል። ዳኛ ቢጨክን ይቀጡ፣ ይካሱ ይላል። አንቺ የጠየቅሽው እጅ ነው፤ ያውም ልጆች የሚያሳድጉበትን እጅ። ያዕቆብና ዮሐንስ አንዲት የሳምራውያን መንደር አላስተናግድ ብትላቸው እሳት ከሰማይ ይውረድ ብለው ነበር። ጌታ ዘወር ብሎ ገሠጻቸው። ለታቦት መንገር ማለት ፍረድልኝ ማለት ከሆነ መልካም፤ ፍርዱን ለእሱ ትተሽ ትመለሻለሽ። ፍርዱን ራስሽ ወስነሽ ታቦቱን አስፈጻሚ ልታደርጊው ስትይ ግን ሌላ ነገር ነው።

አካሄዱን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ማስረጃሽን ያዢ። ቁስሉን ፎቶ አንሺ። ከሐኪሙ የጽሑፍ ማስረጃ ተቀበይ። የመድኃኒቱን ደረሰኝ አስቀምጪ። ያዩ ሰዎች ካሉ ስማቸውን ያዢ፤ ጊዜ ካለፈ ያየም አላየሁም ይላል። ከዚያ በማቴዎስ 18 እንደተጻፈው ብቻቸውን አናግሪያቸው። ብቻሽን መሄድ ካስፈራሽ ሰው ይዘሽ ሂጂ። ካልሰሙሽ ሽማግሌ ላኪ። ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ምእመናን፣ በመካከላችሁ የሚሸመግል አስተዋይ ሰው የለምን ብሎ የጻፈው ለዚህ ነው።

ሽምግልናው ላይ ግን አንድ የማይጥመኝ ልማድ አለን። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ቡና ጠጥቶ፣ «እሳቸውም አጥፍተዋል፣ አንቺም ተይ፣ ለእግዚአብሔር ብለሽ» ይልና እግር አሳስሞ ይበተናል። የተበደለው ወጪውን ተሸክሞ ይቀራል። ዘኬዎስ ንስሐ ሲገባ ይቅር በሉኝ ብቻ አላለም፤ የበደልኩትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ጎረቤትሽ የሕክምናውን ወጪ ቢሸፍኑ እሳቸውም ይቀልላቸዋል። ይህን ለሽማግሌዎቹ በግልጽ ንገሪያቸው።

በሽምግልና ካልሆነ የሕግ በር ክፍት ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሌላን ሰው ንብረት ሆን ብሎ መጉዳትን ይቀጣል፤ በእንስሳ ላይ ጭካኔ መፈጸምም ከደንብ መተላለፎቹ ውስጥ ተቀምጧል። ካሳውን ደግሞ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መጠየቅ ትችያለሽ። ለካሳ የሚቀርብ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ ሁለት ዓመት ካለፈው አይሰማምና አትዘናጊ። ዝርዝሩን የሕግ ሰው ያስረዳሽ፤ የእኔ ሙያ አይደለም።

አሁን ደግሞ የማትወጂውን ልንገርሽ። ሊጡን ክፈዪያቸው። ውሻ የላሰው ሊጥ ተጋግሮ አይበላም፤ ያ ቤት የዚያን ዕለት እንጀራውን አጥቷል። ዘጸአት 22፥5 ከብቱን በሰው እርሻ የለቀቀ ሰው ካሣ እንዲከፍል ያዛል። የለቀቅሽው ውሻ ለሠራው ኃላፊዋ አንቺ ነሽ። ሊጡ ቃጠሎውን ትክክል አያደርገውም፤ ቃጠሎውም ሊጡን አያስረሳም። ዱቄቱን ይዘሽ መጀመሪያ አንቺ ብትሄጂ ሽምግልናው ራሱ ግማሽ መንገድ ያጥርልሻል። ቡቺንም ከእንግዲህ እሰሪው ወይም አጥርሽን አጥብቂ።

ስለ ቁርባኑ፣ ክሱ እስኪዘጋ አትቁረቢ አልልሽም። መዝገብ ዓመት ሊቆይ ይችላል። የሚከለክልሽ ቂሙ ነው። መባህን ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ያለው ጌታ ነው። ታረቂ ማለት ደግሞ መብትሽን ጣይ ማለት አይደለም። መንገድ ላይ ስታገኚያቸው ሰላም በያቸው። ለቅሶ ቢደርስባቸው ድረሺ። እርቅሽን እሳቸው ቢገፉት በአንቺ በኩል ያለውን ፈጽመሻል። ይህን ሁሉ ከነስለቱ ለንስሐ አባትሽ ንገሪና እሳቸው በሚሉሽ ሂጂ፤ ነሐሴ 1 ሳይገባ ብታገኚያቸው ይሻላል።

ጃንጥላውንም ለእጅ መድረቂያ አታስገቢው። ክፉ ለማድረግ የተሳሉት ስለት ንስሐ የሚገባበት እንጂ የሚከፈል አይደለም። ልብሽ ካልቻለ ግን ቡቺ ሲድን በምስጋና ስጪው፤ ያን ጊዜ ማንም አይከለክልሽም።

ጾሙ ደግሞ ቀላሉ ነው። በነነዌ እንስሳቱም ጾመዋል፤ ያ ግን የንጉሡ አዋጅ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን በእንስሳ ላይ የደነገገችው ጾም የለም። ሐኪሙ ሥጋ አብይው ካለሽ በፍልሰታም አብይው። እጅሽን ታጠቢና ቅዳሴሽን ሂጂ።